የሁለት ቦክሰኞች ማምሻ

ሜይ 22 ቀን 1993 በዋሽንግተን ዲሲ አርኤፍኬ ስታዲየም የተሰበሰበው ተመልካች የመጣው የከባድ ሚዛን ሻምፒዮኑን ሪዲክ ቦውን ለማየት ነበር። ከዋናው ግጥሚያ በፊት ግን ባለቤት ላጣ የመካከለኛ ሚዛን ቀበቶ ሁለት ቦክሰኞች ወደ ሪንጉ ወጡ። አንዱ የፍሎሪዳዋ ፔንሳኮላ ልጅ ሮይ ጆንስ ጁኒየር ነው፤ ዕድሜው 24። ሌላው የፊላደልፊያው በርናርድ ሆፕኪንስ፣ የ28 ዓመት ሰው። አሥራ ሁለቱ ዙሮች ሲጠናቀቁ ሦስቱም ዳኞች አንድ ዓይነት ውጤት ጽፈው አስረከቡ፤ 116 ለ112፣ አሸናፊው ጆንስ። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ያን ምሽት የተሰጠው ፍርድ ለአሥር ዓመት ያህል አልተናወጠም። ጆንስ የዘመኑ ቁንጮ ሆነ፤ ሆፕኪንስ በጥላው ሥር ቆየ። ዕድሜያቸው ወደ አርባ ሲጠጋ ግን ነገሩ ተገለበጠ። የአንዱ ማምሻ በዝረራ ተሞላ፤ የሌላው ማምሻ ከቀትሩ ይልቅ ደመቀ። የቦክስ ታሪክ ተንታኞች ከምንጊዜም ታላላቆች ተርታ ማን የት ይቀመጥ ብለው ሲከራከሩ የሁለቱ ስም አብሮ የሚነሳው በዚህ ምክንያት ነው። የቦክሰኛ የመጨረሻ ዓመታት ቀድሞ የሠራውን ያጠፉበታል ወይስ ያጸኑለታል? ለዚህ ጥያቄ ከእነሱ የተሻለ ጥንድ ማግኘት ያስቸግራል።

ከሴኡልና ከወህኒ ቤት

ሁለቱ ሰዎች በልደት ቀን ጎረቤታሞች ናቸው። ሆፕኪንስ የተወለደው ጃንዋሪ 15 ቀን 1965፣ ጆንስ ደግሞ ከአራት ዓመት በኋላ ጃንዋሪ 16 ነው። የመጡበት መንገድ ግን አይገናኝም። ጆንስን ከልጅነቱ ጀምሮ ያሠለጠነው ራሱም ቦክሰኛ የነበረ አባቱ ነው። በ1988ቱ የሴኡል ኦሊምፒክ በፍጻሜው ግጥሚያ የአገሬውን ልጅ በግልጽ በልጦ ሳለ ዳኞች ወርቁን ነሱት። ብር አጥልቆ ቢመለስም የውድድሩ ምርጥ ቦክሰኛ ተብሎ የቫል ባርከርን ዋንጫ ተሸለመ። ስለዚህ ወደ ፕሮፌሽናል ቦክስ የገባው ዓለም የተበደለ ብሎ እያዘነለት፣ ስሙንም እያወቀ ነው።

ሆፕኪንስን የሚያውቀው አልነበረም። ገና በአፍላ ዕድሜው በዘረፋ ተፈርዶበት በፔንሲልቬኒያው ግሬተርፎርድ ወህኒ ቤት አምስት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ወራት እስኪቀሩት ድረስ ታስሯል። በልጅነቱ ወደጀመረው ቦክስ የተመለሰው እዚያው ግቢ ውስጥ ነው። ጆንስ በሴኡል ሜዳሊያውን በወሰደበት በዚያው ወር፣ በኦክቶበር 1988፣ ሆፕኪንስ በአትላንቲክ ሲቲ የመጀመሪያውን ፕሮፌሽናል ግጥሚያ አደረገ። ተሸነፈ። ከዚያ በኋላ ከአንድ ዓመት በላይ ሪንግ ውስጥ አልታየም።

እነዚህ ሁለት ሰዎች ናቸው እንግዲህ በ1993 የተገናኙት።

እጁን ዝቅ አድርጎ የሚገጥመው ሻምፒዮን

አሰልጣኝ ለጀማሪ ቦክሰኛ የሚነግረው ነገር በየአገሩ አንድ ነው። እጅህን ከፍ አድርገህ አገጭህን ሸፍን፤ ቀጥ ብለህ ወደ ኋላ አታፈግፍግ፤ መንገድ ሳታበጅ ከሩቅ ዘለህ አትግባ። ጆንስ ይህን ሁሉ ይጥስ ነበር። እጆቹን ወደ ወገቡ አውርዶ፣ አገጩን አጋልጦ፣ ተጋጣሚው ሲሰነዝር ራሱን በጥቂት ጣት ስፋት ብቻ እያሸሸ ያስተው ነበር። ከዚያ ማንም ከማይጠብቀው ርቀት በግራው ዘሎ ይገባል። በ2002 ማያሚ ላይ ግሌን ኬሊን በገጠመ ጊዜ ሁለት እጆቹን ከጀርባው አድርጎ ቆመ። ኬሊ ሲሰነዝር ጎንበስ ብሎ አሳለፈውና በቀኙ መታው፤ ግጥሚያው በዚያው አበቃ።

በእነዚህ ዓመታት ጆንስን መግጠም ጥላን እንደመምታት ነበር። በ1994 እስከዚያ ያልተሸነፈውን ጄምስ ቶኒን በነጥብ በልጦ የሱፐር መካከለኛ ሚዛንን ቀበቶ ወሰደ። ቀጥሎ ወደ ቀላል ከባድ ሚዛን ወጥቶ ቀበቶዎቹን ሰበሰበ። በ1997 ማርች በሞንቴል ግሪፊን የተሸነፈው የወደቀን ተጋጣሚ መታ ተብሎ ከግጥሚያ በመባረሩ ነው፤ ከአምስት ወር በኋላ ያንኑ ሰው በአንደኛው ዙር አሰናበተው። የአሜሪካ የቦክስ ጸሐፊዎች ማኅበርም የ1990ዎቹ ምርጥ ቦክሰኛ ብሎ ሰየመው።

ጫፉ ላይ የደረሰው ማርች 1 ቀን 2003 ነው። በላስ ቬጋስ 15 ኪሎ ግራም ያህል የሚበልጠውን ጆን ሩዊዝን በነጥብ አሸንፎ የከባድ ሚዛን ቀበቶ ታጠቀ። የመካከለኛ ሚዛን ሻምፒዮን የነበረ ሰው የከባድ ሚዛንን ቀበቶ ሲወስድ ከ1897ቱ ቦብ ፊትዝሲመንስ ወዲህ፣ ማለትም ከ106 ዓመት በኋላ፣ እሱ የመጀመሪያው ነው። ጆንስ ያን ምሽት 34 ዓመቱ ነበር። ጓንቱን በዚያው ሰቅሎ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ስለ እሱ የሚደረገው ክርክር ሌላ መልክ ይኖረው ነበር።

አልሰቀለም። ወደ ቀላል ከባድ ሚዛን ለመመለስ የጨመረውን ጡንቻ በስምንት ወር ውስጥ አራገፈና በኖቬምበር አንቶኒዮ ታርቨርን ገጠመ። አሸነፈ፤ ነገር ግን በጭንቅ። ሜይ 15 ቀን 2004 በተደረገው የመልስ ግጥሚያ የታርቨር ግራ እጅ በሁለተኛው ዙር ጣለው። ተነሥቶ ቢቆምም ዳኛው ግጥሚያውን አስቆመ። ዓለም እንደ ድንገተኛ አደጋ ቆጠረው። በሴፕቴምበር ግን በሜምፊስ ግሌን ጆንሰን በዘጠነኛው ዙር በዝረራ አሸነፈው፤ ጆንስ ሪንጉ ላይ ለደቂቃዎች ተዘርሮ ቆየ። ያኔ አደጋ አለመሆኑ ለሁሉም ገባ።

ምክንያቱን ማስረዳት አይከብድም። እጅ ከፍ ይበል፣ አገጭ ይሸፈን የሚሉት ሕጎች የተሠሩት ፈጣን ላልሆነ ሰው ነው። ጆንስ ያለ እነሱ የኖረው ዓይኑ ካየው ጋር ሰውነቱ እኩል ስለሚንቀሳቀስ ነበር። ዕድሜ ከዚህ ፍጥነት የሚወስደው ከሰከንድ ጥቂት ሽርፍራፊ ብቻ ነው። ትናንት በአፍንጫው ሥር ያልፍ የነበረው ቡጢ ዛሬ አገጩ ላይ የሚያርፈው በዚያች ሽርፍራፊ ምክንያት ነው። ከሥር የሚታደግ ሌላ መከላከያ ደግሞ አልተማረም፤ ለሃያ ዓመት አላስፈለገውም ነበርና።

ከዚያም ቀጠለ። በ2009 ሲድኒ ውስጥ ዳኒ ግሪን በአንደኛው ዙር አስቆመው። በ2011 ሞስኮ ውስጥ ዴኒስ ሌቤዴቭ፣ በ2015 እዚያው ሞስኮ ኤንዞ ማካሪኔሊ በዝረራ አሸነፉት። በ2003 አንድ ሽንፈት ብቻ የነበረበት መዝገብ በ2018 ዘጠኝ ተመዝግቦበታል። ከውድቀቱ ጋር ጥርጣሬም መጣ። አገጩ ከመጀመሪያውም ደካማ ነበር፤ ማንም ስላልነካው ነው ያልታወቀው የሚሉ ተነሡ። በዚያው ዘመን በጀርመን የቀላል ከባድ ሚዛንን ሌላ ቀበቶ ይዞ የነበረውን ዳሪዩሽ ሚካልቸቭስኪን ሳይገጥመው መቅረቱን እንደ አዲስ ያነሡበትም አሉ። እነዚህ ነቀፌታዎች በ2003ም ሊሰሙ ይችሉ ነበር። ጆሮ ያገኙት ግን ከታርቨር ምሽት በኋላ ነው።

ከአርባ በኋላ

ሆፕኪንስ በ1995 የመካከለኛ ሚዛን ቀበቶ አገኘና አሥር ዓመት ይዞ ቆየ፤ 20 ጊዜ አስከበረው። ሰፊው ሕዝብ ያወቀው ግን በ36 ዓመቱ ነው። በሴፕቴምበር 2001፣ በኒው ዮርክ ከደረሰው የሽብር ጥቃት የተነሣ ለሁለት ሳምንት በተገፋ ግጥሚያ፣ በማዲሰን ስኩዌር ጋርደን ያልተሸነፈውን ፌሊክስ ትሪኒዳድን ዙር በዙር እያደከመ በ12ኛው አስቆመው። በ2004 ኦስካር ዴላ ሆያን ጉበቱ ላይ ባሳረፈው አንድ ቡጢ አንበረከከው።

በ2005 በ40 ዓመቱ በጀርሜይን ቴይለር ሁለት ጊዜ በነጥብ ተሸነፈ። ለእናቱ 41 ሳይሞላኝ አቆማለሁ ብሎ ቃል ገብቶ ነበር። ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ረጅም ዘመን የገዛ፣ አስቸጋሪ፣ ነገር ግን በ1993 ከእሱ የተሻለ ሰው መኖሩ የተረጋገጠበት ሻምፒዮን ተብሎ ይታወስ ነበር።

ለመሰናበቻ የመረጠው ተጋጣሚ ታርቨርን ነው፤ ጆንስን የጣለውን ታርቨርን። በጁን 2006 ሁለት የክብደት ደረጃ ዘልሎ ገጠመውና በሰፊ ነጥብ በለጠው። ከዚያ በኋላ መሰናበቱን ረሳው። በ2008 በ43 ዓመቱ የ26 ዓመቱን ኬሊ ፓቭሊክን እንደ ተማሪ አስተምሮ ሰደደው። ሜይ 21 ቀን 2011 በሞንትሪያል ዣን ፓስካልን አሸንፎ በ46 ዓመቱ በቦክስ ታሪክ በዕድሜ አንጋፋው የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ቀጥሎ የራሱን ክብረ ወሰን ሁለት ጊዜ ሰበረ፤ በ48 ዓመቱ ታቮሪስ ክላውድን፣ በ49 ዓመቱ ቤይቡት ሹሜኖቭን አሸንፎ።

እንዴት ቻለው? ሆፕኪንስ ከፍጥነት ሌላ ብዙ ነገር ነበረው። ተጋጣሚው ሊሰነዝር ሲል ግማሽ እርምጃ ወደ ጎን መቆምን፣ ሰንዝሮ ወዲያው ማቀፍን፣ ሲያቅፍ በትከሻና በራስ ገፍቶ ትንፋሽ ማሳጠርን፣ ወጣቱ በሚቸኩልበት ዙር ዝም ብሎ መጠበቅን ያውቅ ነበር። አብዛኞቹ ቦክሰኞች በግጥሚያዎች መካከል ሲወፍሩ እሱ ክብደቱን ከግጥሚያ ሚዛኑ ብዙ አያርቅም ነበር። ከመጠጥና ከጣፋጭ ርቆ፣ በጊዜ ተኝቶ ይኖር ነበር። በወጣትነት ለዓይን የማይስበው ያ ደረቅ ሥርዓት በ45 ዓመቱ ሀብት ሆነለት።

ሁለቱ ሰዎች በዚህ መሃል እንደገና ተገናኝተዋል። ኤፕሪል 3 ቀን 2010 በላስ ቬጋስ፣ ከመጀመሪያው ግጥሚያ 17 ዓመት በኋላ። ሆፕኪንስ 45፣ ጆንስ 41 ዓመታቸው ነበር። መተቃቀፍና ሕገ ወጥ ምት የበዛበት፣ ለማየት የሚያሳዝን ምሽት ሆነ፤ ሆፕኪንስ በነጥብ አሸነፈ። ዛሬ የሁለቱን ታላቅነት የሚያነጻጽር ሰው ይህን ውጤት እንደ ማስረጃ አያቀርበውም። የ1993ቱ ውጤት ነው የሚቀርበው፤ ምክንያቱም ሁለቱም ጉልበታቸው በእጃቸው የነበረበት ምሽት ያ ነው።

ከዚህ የሚከተለው ነገር ያስደንቃል። ጆንስ በ1993 ሲያሸንፍ ያሸነፈው ስም ያልነበረውን ሰው ነው። ሆፕኪንስ ትሪኒዳድን ሲያስቆም፣ ታርቨርን ሲበልጥ፣ በሞንትሪያል ቀበቶ ሲታጠቅ፣ ያ የድሮ ድል በየጊዜው ዋጋው ይጨምር ነበር። ጆንስ በሞስኮ ሪንግ ላይ ወድቆ ስሙ ሲቀንስ፣ ከመዝገቡ ውስጥ የምታድገው አንዲቷ መስመር ባላንጣው የሚያሳድግለት ነበረች።

የዌልሱ ጆ ካልዛጌም ይህንኑ በአንድ ዓመት ውስጥ አሳይቷል። በ2008 ኤፕሪል ሆፕኪንስን፣ በኖቬምበር ጆንስን አሸንፎ፣ በ46 ግጥሚያ አንድም ሳይሸነፍ ጡረታ ወጣ። በዚያን ጊዜ ሁለቱም ስሞች እኩል ያስገመግሙ ነበር። በሆፕኪንስ ላይ ያገኘው ድል፣ ያውም በተከፈለ የዳኞች ድምፅ የተገኘው፣ ሆፕኪንስ ከዚያ በኋላ ባደረገው ነገር ከበረ። በጆንስ ላይ ያገኘውን ሰፊ ድል ግን ዛሬ የሚያወሳው ጥቂት ሰው ነው።

ቀይዋ ቁምጣ

ሆፕኪንስ በሞንትሪያል የሰበረው ክብረ ወሰን የጆርጅ ፎርማን ነበር። የእሱ ታሪክ ደግሞ የመጨረሻ ዓመታት የመጀመሪያዎቹን ምን ያህል ሊለውጡ እንደሚችሉ ያሳያል።

ፎርማን በ1973 ጆ ፍሬዘርን በሁለት ዙር ስድስት ጊዜ ጥሎ ሻምፒዮን ሆነ። በኦክቶበር 1974 ኪንሻሳ ላይ በመሐመድ አሊ በስምንተኛው ዙር ተዘረረ። በ1977 በፖርቶ ሪኮ በጂሚ ያንግ ተሸነፈና ቦክስን ትቶ ሰባኪ ሆነ። በዚያ ቢቀር ኖሮ በአሊ ታሪክ ውስጥ የሚወድቀው ግዙፍ ሰው ተብሎ ብቻ ይነሣ ነበር። ለአሥር ዓመት ጓንት ሳይነካ ኖረ፤ በሂውስተን ያቋቋመውን የወጣቶች ማዕከል ማንቀሳቀሻ ገንዘብ ያስፈልገው ነበርና በ1987 ተመለሰ። ወፍሮ፣ ራሱን ተላጭቶ፣ ፈገግ እያለ። በመጀመሪያ የገጠማቸው ሰዎች ደካማ ስለነበሩ ብዙዎች ተሳልቀውበታል። በ1991 ኢቫንደር ሆሊፊልድን ገጥሞ 12 ዙር ቢቆምም ተሸነፈ፤ በ1993ም በቶሚ ሞሪሰን ተረታ።

ኖቬምበር 5 ቀን 1994 በላስ ቬጋስ ከሻምፒዮኑ ማይክል ሙረር ጋር ሲቆም 45 ዓመቱ ነበር። ሙረር 26 ዓመቱ ነው፤ አንድም አልተሸነፈም፤ ሆሊፊልድንም አሸንፏል። ፎርማን የለበሰው በኪንሻሳ የለበሳትን ቀይ ቁምጣ ነው። ከጥጉ ቆሞ የሚመክረው ደግሞ በኪንሻሳው ምሽት በአሊ ጥግ የነበረው አንጀሎ ደንዲ ነበር። ዘጠኝ ዙር ሙሉ ተመታ፤ በሦስቱም ዳኞች ወረቀት ተበልጦ ነበር። በአሥረኛው አጭር ቀኝ አሳረፈ፤ ሙረር በጀርባው ተዘርግቶ ተቆጠረለት። ፎርማን ወደ ጥጉ ሄዶ ተንበርክኮ ጸለየ።

ይህ አንድ ቡጢ የ1974ቱን ሽንፈት አልሰረዘውም። ያደረገው የኪንሻሳውን ሰው ታሪክ ከአንድ ሽንፈት ማውጣት ነው። ከዚያ ወዲህ የምንጊዜም አሥር የከባድ ሚዛን ታላላቆችን የሚዘረዝር ሰው ፎርማንን ቢያስቀር ምክንያት እንዲሰጥ ይጠየቃል። የሁለት ዘመን ወጣቶችን መምታት መቻሉ ጉልበቱ የአንድ ዘመን ዕድል እንዳልነበረ አስመሰከረ። ማርች 21 ቀን 2025 በ76 ዓመቱ ሲያርፍ ከኪንሻሳው ምሽት ጎን የላስ ቬጋሱም ምሽት ይነገር ነበር።

ሽንፈት ከመዝገብ ምን ያህል ይቀንሳል?

የማምሻ ድል ስም የሚያሳድግ ከሆነ የማምሻ ሽንፈት በዚያው ልክ ስም ያወርዳልን? የቦክስ ታሪክ የሚሰጠው መልስ ለአዛውንቶች ይራራል።

ጆ ሉዊስን እንውሰድ። ከ1937 እስከ 1949 የከባድ ሚዛንን ቀበቶ ይዞ 25 ጊዜ አስከብሯል፤ በዚህ ሚዛን እስከ ዛሬ ያልተሰበረ ክብረ ወሰን ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የሁለት ግጥሚያዎችን ገቢ ለባሕር ኃይልና ለጦር ሠራዊት መረዳጃ ሰጠ። ከጦርነቱ በኋላ ግን የግብር ዕዳ አንቆ ያዘው፤ ጡረታ ከወጣ በኋላ የተመለሰው ለዚህ ነው። በ1950 በኤዛርድ ቻርልስ በነጥብ ተሸነፈ። ኦክቶበር 26 ቀን 1951 በማዲሰን ስኩዌር ጋርደን ሮኪ ማርሲያኖ በስምንተኛው ዙር መትቶ በገመዶቹ መካከል ወደ ውጭ ጣለው። ሉዊስ 37 ዓመቱ ነበር። በልጅነቱ ያደንቀው የነበረው ማርሲያኖ ከድሉ በኋላ አለቀሰ። ይህ ሽንፈት የሉዊስን ደረጃ አንድ እርከን አላወረደውም።

ሹገር ሬይ ሮቢንሰንም እንዲሁ ነው። በፕሮፌሽናል ዘመኑ 19 ጊዜ ተሸንፏል፤ ዝርዝሩን ሳያይ ቁጥሩን ብቻ የሰማ ሰው ተራ ቦክሰኛ ሊለው ይችላል። ዳሩ ግን እስከ 1951 ድረስ ባደረጋቸው ከ130 በላይ ግጥሚያዎች የተሸነፈው አንድ ጊዜ፣ በጄክ ላሞታ ብቻ ነበር። የቀሩት ሽንፈቶች የመጡት ከዚያ በኋላ፣ አብዛኞቹም በ44 ዓመቱ እስካቆመበት እስከ 1965 ባሉት የድካም ዓመታት ነው። ዛሬም ሚዛን ሳይለይ ከሁሉ የሚበልጠው ማን ነው ሲባል የብዙ ተንታኞች የመጀመሪያ መልስ ሮቢንሰን ነው።

ያልተሸነፈውስ? ማርሲያኖ በ1956 በ32 ዓመቱ፣ 49 ገጥሞ 49 አሸንፎ ተሰናበተ። በከባድ ሚዛን ሻምፒዮኖች መካከል እንዲህ ያለ ንጹሕ መዝገብ ይዞ የወጣ ሌላ የለም። ሆኖም ተቺዎቹ የተጋጣሚዎቹን ዕድሜ ይቆጥሩበታል። ሉዊስ 37፣ ጀርሲ ጆ ዎልኮት 38፣ አርቺ ሙር ደግሞ አርባ ገደማ ነበሩ። እሱ ራሱ ማምሻ አልነበረውም፤ ያሸነፈው ግን የሌሎችን ማምሻ ነው ይላሉ። ጡረታውን በጊዜ ወስዶ ስሙን ከሽንፈት አዳነ፤ ከዚህ ጥያቄ ግን አላመለጠም።

ማርሲያኖን ሊስተካከል አንድ ድል ብቻ የቀረው ላሪ ሆልምስ ነበር። 48 አሸንፎ በሴፕቴምበር 1985 በማይክል ስፒንክስ በነጥብ ተረታ። የሆልምስ ሌላው ዕድለ ቢስነት ደግሞ በሙያው ከሁሉ የገዘፈውን ስም ያሸነፈው፣ ማሸነፉ ምንም በማይቆጠርበት ምሽት መሆኑ ነው።

ገላ የሚከፍለው

ኦክቶበር 2 ቀን 1980፣ ላስ ቬጋስ። መሐመድ አሊ 38 ዓመቱ ነው፤ ከሁለት ዓመት ዕረፍት በኋላ ለአራተኛ ጊዜ ሻምፒዮን ሊሆን ተመልሷል። ጸጉሩ ጠቁሮ፣ ሆዱ ገብቶ ስለታየ ደጋፊዎቹ ወጣትነቱ የተመለሰ መሰላቸው። ክብደቱን ያወረደለት ግን ልምምድ ብቻ አልነበረም፤ የታይሮይድ መድኃኒት ይወስድ ነበር፤ መድኃኒቱም ጉልበቱን ከክብደቱ ጋር ወስዶታል። ሆልምስ ቀድሞ የአሊ የልምምድ ጓደኛ ነበር። አሥር ዙር ሙሉ ሲመታው አሊ የሚመልሰው አልነበረውም። 11ኛው ሳይጀመር አንጀሎ ደንዲ ግጥሚያውን አስቆመ። አሊ በሙያው ሁሉ ከዙሮቹ ፍጻሜ በፊት የተሸነፈው ያን ምሽት ብቻ ነው። ሆልምስ አሸንፎ አለቀሰ።

ሐኪሙ ፈርዲ ፓቼኮ ከሦስት ዓመት በፊት፣ በ1977፣ የምርመራ ውጤቶችን አይቶ አቁም ብሎት፣ የሚሰማው ሲያጣ ከአሊ ጥግ ወጥቶ ነበር። አሊ ከሆልምስም በኋላ አላቆመም። በዲሴምበር 1981 ባሃማስ ሄዶ ከትሬቨር ቤርቢክ ጋር አሥር ዙር ገጠመ፤ የዙር መጀመሪያና መጨረሻ የሚታወጅበት ደወል ጠፍቶ በከብት ቃጭል ነበር ያካሄዱት። በነጥብ ተሸነፈ። በ1984 የፓርኪንሰን ሕመም እንዳለበት ተነገረው። ሐኪሞች የቡጢው ድርሻ ምን ያህል እንደሆነ ቢከራከሩም፣ ተደጋጋሚ ምት አንጎልን እንደሚጎዳ ሐኪሙ ሃሪሰን ማርትላንድ ገና በ1928 ስለ ቦክሰኞች በጻፈው ጥናት አሳይቶ ነበር።

ከአሊ የታላቅነት መዝገብ ግን እነዚህ ሁለት ሽንፈቶች ያጎደሉት ነገር የለም። ሶኒ ሊስተን፣ ፍሬዘርና ፎርማን ባሉበት መዝገብ ውስጥ ቤርቢክን ማንም አይቆጥረውም። ተመልካች ይቅር ይላል፤ ገላ ግን ይቅር አይልም። በ1996 አትላንታ ላይ የኦሊምፒኩን ችቦ ሲለኩስ እጁ ሲንቀጠቀጥ ዓለም በፍቅር አለቀሰለት። ያ ፍቅር እውነተኛ ነበር። የእጁም መንቀጥቀጥ እውነተኛ ነበር፤ ከዚያ በኋላም ሃያ ዓመት አብሮት ኖሯል።

ታዲያ ለምን አያቆሙም? የእግር ኳስ ተጫዋች ክለብ አለው፤ ውሉ ሲያልቅ ሌላው አያስፈርመውም፤ በዚያው ያበቃለታል። ቦክሰኛን የሚያስቆመው የለም። ስሙ ትኬት እስከሸጠ ድረስ አዘጋጅ አያጣም። በአሜሪካ የቦክስ ፈቃድ የሚሰጠው በየክፍለ ግዛቱ ስለሆነ አንዱ ቢያመነታ ሌላው ሊፈቅድ ይችላል፤ ሁሉም ቢያመነታ ባሃማስ አለ። የጡረታ አበልም ቢሆን ብርቅ ነው። ካሊፎርኒያ ከ1982 ጀምሮ ለቦክሰኞች የጡረታ ፈንድ አቋቁማለች፤ ሌላው ቦታ ግን አብዛኛው ቦክሰኛ ያጠራቀመው ካለ ያችኑ ይዞ ይወጣል። በዚህ ላይ የቡጢ ጉልበት ከሰው ገላ መጨረሻ የሚወጣ ነገር ነው። እግር ይከዳል፣ ዓይን ይዘገያል፤ የልምምድ ከረጢቱ ግን እንደ ድሮው ይጮኻል። ቦክሰኛውም የሚያምነው ከረጢቱን ነው።

ሆፕኪንስ እንኳን ከዚህ አላመለጠም። በ2014 ሰርጌይ ኮቫሌቭ 12 ዙር ሙሉ በለጠው፤ ያኔ ሊበቃው ይችል ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ በዲሴምበር 2016፣ 52ኛ ልደቱ አንድ ወር ሲቀረው፣ በካሊፎርኒያዋ ኢንግልዉድ ከጆ ስሚዝ ጁኒየር ጋር ለስንብት ገጠመ። በስምንተኛው ዙር ስሚዝ መትቶ በገመዶቹ መካከል አሳልፎ ከሪንግ ውጭ ጣለው፤ ሉዊስ ከ65 ዓመት በፊት በወደቀበት አወዳደቅ። በ28 ዓመት ሙያው ከዙሮቹ ፍጻሜ በፊት ሲሸነፍ የመጀመሪያው ነው። ከዚያ በኋላ አልተመለሰም።

ካናስቶታ፣ 2022

የዓለም አቀፉ የቦክስ የክብር አዳራሽ የሚገኘው በኒው ዮርክ ግዛት፣ ካናስቶታ በምትባል ትንሽ መንደር ነው። የኮሮና ወረርሽኝ ሥነ ሥርዓቱን ለሁለት ዓመት ስላቋረጠው በጁን 2022 የሦስት ዓመት ተመራጮች በአንድ ሰሞን ተከበሩ። ከ2020ዎቹ ተመራጮች አንዱ በርናርድ ሆፕኪንስ ነው፤ ከ2022ዎቹ አንዱ ሮይ ጆንስ ጁኒየር። በ1988 ኦክቶበር አንዱ ብር አጥልቆ፣ ሌላው ተሸንፎ የጀመሩት መንገድ በአንድ መንደር፣ በአንድ ሰሞን ተገናኘ። መራጮቹ በጆንስ ላይ ድምፅ ሲሰጡ ያዩት ቶኒንና ሩዊዝን ያሸነፈውን፣ በ1993ም ሆፕኪንስን የበለጠውን ሰው ነው፤ የሲድኒውና የሞስኮው ምሽቶች በሩን አልዘጉበትም።

ከዚያ በዓል በኋላ ዓመት ሳይሞላ፣ ኤፕሪል 1 ቀን 2023፣ ጆንስ በሚልዋኪ ከተማ እንደገና ጓንት አጠለቀ። ዕድሜው 54 ነበር። ተጋጣሚው በድብልቅ ማርሻል አርት የሚታወቀው አንቶኒ ፔቲስ ነው። ስምንቱ ዙሮች ሲያልቁ ሁለት ዳኞች ለፔቲስ ፈረዱ፤ አንዱ እኩል ናቸው አለ። በመዝገቡም ላይ አሥረኛው ሽንፈት ተጻፈ። ሆፕኪንስ ጓንቱን ከሰቀለ ስድስት ዓመት አልፎታል። የዋሽንግተኑ ምሽት ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ሰባት ሳምንት ቀርቶት ነበር።